ኤመራልድ ፍለጋ፦ አረንጓዴውን ትቶ መጋጠሚያውን መከተል

ኤመራልድ፣ መጽሐፍ ቅዱስ መረግድ የሚለው ዕንቍ፣ ቤሪል ከሚባለው ማዕድን ዓይነቶች አንዱ ነው። ቤሪል ቤሪሊየም፣ አልሙኒየም፣ ሲሊኮንና ኦክስጅን አለው፤ ንጹሕ ከሆነ ቀለም የለውም። አረንጓዴ የሚያደርገው በአልሙኒየሙ ቦታ የሚገባ ክሮሚየም ወይም ቫናዲየም፣ አንዳንዴም ሁለቱ አንድ ላይ ነው። መጠናቸው አብዛኛውን ጊዜ ከክብደቱ 1 በመቶ አይሞላም። ብረት ብቻውን ያቀለመው ቤሪል ሰማያዊ ከሆነ አኳማሪን ይባላል፤ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ቢሆንም ኤመራልድ አይባልም።

የፍለጋው ጣጣ የሚመጣው ከሁለቱ ንጥረ ነገሮች ጠባይ ነው። ቤሪሊየም በላይኛው የምድር ቅርፊት በአማካይ 2 ፒፒኤም ገደማ ነው፤ በአንድ ቶን ዐለት ውስጥ 2 ግራም ማለት ነው። የሚጠራቀመው ግራናይት ሲቀዘቅዝ መጨረሻ ላይ በሚቀረው ፈሳሽ፣ ማለትም በፔግማታይት (ክሪስታሎቹ ትልልቅ በሆኑ ግራናይት መሰል ዐለት) እና በኳርትዝ ሥሮች ውስጥ ነው። ክሮሚየም ደግሞ ማግኒዚየም በበዛባቸው ከጥልቅ በመጡ ዐለቶች ውስጥ ይኖራል፤ በሰርፐንቲናይት፣ በታልክ ሺስት (ሺስት በንብርብር የሚሰነጠቅ ዐለት ነው) እና በመሰሎቻቸው 2000 ፒፒኤምና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ግራናይት ያለበት ክሮሚየም የለም፣ ክሮሚየም ያለበት ቤሪሊየም የለም። ስለዚህ መታደን ያለበት ሁለቱ የተገናኙበት መስመር ነው። አረንጓዴ ጠጠር ከላይ አይቶ እዚያው ጉድጓድ መቆፈር ገንዘብ መጨረስ ነው፤ ጠጠሩ ከመጋጠሚያው ተነሥቶ ቁልቁል የተንከባለለ ሊሆን ይችላል።

1. የቦታውን ዓይነት መወሰን

ከመነሣትዎ በፊት የትኛውን ታሪክ እንደሚከተሉ ይወስኑ፤ ምልክቶቹ የተለያዩ፣ አንዳንዴም የተገላቢጦሽ ናቸውና።

በብዛት የሚገኘው ዓይነት ፔግማታይት ወይም የኳርትዝ ሥር ክሮሚየም ያለበትን ዐለት ሰንጥቆ የገባበት ነው። የዛምቢያው ካፉቡ፣ የሩሲያ ኡራል፣ የዚምባብዌው ሳንዳዋና፣ የኢትዮጵያው ሻኪሶ እዚህ ውስጥ ይመደባሉ። ዕድሜ ማጣሪያ አይሆንም፤ ሳንዳዋና 2.6 ቢሊዮን ዓመት ገደማ፣ ካፉቡ ደግሞ 500 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው።

ሁለተኛው የኮሎምቢያው ነው፤ ግራናይትም ፔግማታይትም የለበትም። ጥቁር ሼል (ከጭቃ የተሠራ ደለላማ ዐለት) ውስጥ ትኩስ ጨዋማ ውኃ ገብቶ የሠራው ነው። ለብቻው ወደ ታች እመለስበታለሁ።

በሁለቱ መካከል አስቸጋሪዎች አሉ። በብራዚሉ ሳንታ ቴሬዚኛ እና በፓኪስታኑ ስዋት ክሮሚየሙ ያለው በታልክና በካርቦኔት ሺስት ውስጥ ሲሆን፣ ፈሳሹ የመጣው በዐለት መሸራተቻ ቀጠናዎች በኩል ነው፤ ፔግማታይት አጠገቡ አይታይም። ስለዚህ «ፔግማታይት የለም» ብሎ ብቻ ቦታ መጣል ስሕተት ነው። ጠንካራ መሸራተቻ፣ ታልክና ጥቁር ሚካ (በስስ ቅጠል የሚላጥ የሚያብረቀርቅ ማዕድን) አንድ ላይ ካሉ ቦታውን ያቆዩት።

2. ካርታ ላይ የሚሠራ ሥራ

ከጂኦሎጂ ካርታ ሁለት ነገር ያውጡ፤ የሰርፐንቲናይትና የታልክ ዐለት ቀበቶዎችን፣ እንዲሁም ግራናይቶችን። ፔግማታይቶች ከእናት ግራናይታቸው ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀው ሊገኙ ስለሚችሉ፣ ግራናይቱ ራሱ ቀበቶውን መንካት የለበትም።

የአየር ላይ ማግኔቲክ ካርታ ካለ፣ ማግኔታይት ያለበት ሰርፐንቲናይት ጎልቶ ይታያል። ፔግማታይቱ ግን ማግኔት ስለሌለው በዚህ ካርታ ላይ አይወጣም፤ ቀበቶውን የሚቆርጥ ደካማ መስመር ካዩ እሱን ምልክት ያድርጉበት። ከማግኔቲኩ ይልቅ ብዙ ሰው ችላ የሚለው የጋማ ጨረር ካርታው ፖታሲየም ነው። ሰርፐንቲናይት ፖታሲየም የለውም ማለት ይቻላል፤ ወደ ፍሎጎፓይት፣ ማለትም ወደ ማግኒዚየማዊ ጥቁር ሚካ፣ የተለወጠ ዐለት ግን ፖታሲየም ኦክሳይዱ ከክብደቱ 8 እስከ 10 በመቶ ሊሆን ይችላል። ባዶ በሆነ ቀበቶ ላይ የተነጠለ የፖታሲየም ነጥብ ማየት ለመሄድ በቂ ምክንያት ነው። ይህ መለኪያ የሚያየው ከላይኛው 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ያለውን ብቻ ስለሆነ፣ አፈር በወፈረበት ቦታ ዝም ቢል አይፍረዱበት።

3. ወንዝ ውስጥ

ወርቅ በማጠብ የለመደ ሰው እዚህ ይሳሳታል። የቤሪል ጥግግት 2.7 ገደማ ነው፤ የኳርትዝ 2.65። በማጠቢያ ሳህን ሲያዞሩት ኤመራልዱ ከአሸዋው ጋር ታጥቦ ይወጣል፣ ታች የሚቀረው ጥቁር አሸዋ ውስጥ አይገኝም። ሳህኑን የሚጠቀሙት ለአጃቢዎቹ ነው፦ ክሮማይት ክሮሚየማዊውን ዐለት፣ ቱርማሊንና ኮሎምባይት ደግሞ ፔግማታይቱን ይነግሩዎታል። ሁለቱም ቡድኖች አንድ ሳህን ውስጥ ከተገናኙ ከላይ ያለው ተፋሰስ ይሠራበታል። ክሮማይት ብቻ ከሆነና መሸራተቻ ቀጠናም ከሌለ ወደሚቀጥለው ጅረት ይለፉ።

ኤመራልዱን ራሱን የሚፈልጉት በወንፊት ነው። ከትልልቅ ድንጋዮች ኋላ ከተጠራቀመው ጠጠር 20 ሊትር ያህል ይውሰዱ፣ በ10 እና በ2 ሚሊ ሜትር ወንፊት ይለፉት፣ መካከል የቀረውን ነጭ ትሪ ላይ አርጥበው በዓይን ይልቀሙ። ሲደርቅ ቀለሙ ይሞታል። ኤመራልድ ስንጥቅ ስለሚበዛበት ሩቅ አይጓዝም፤ ጠርዙ ሹል የሆነ፣ ሚካ የተጣበቀበት ቁራጭ ካገኙ ምንጩ ቅርብ ነው። በየገባር ወንዙ መጋጠሚያ ከላይም ከታችም ናሙና እየወሰዱ ይውጡ፤ ቁራጩ ከጠፋ ምንጩን አልፈው ሄደዋል ማለት ነው፣ ወደ ጎን ወደ ገደሉ ይመልከቱ።

4. አፈርና ላቦራቶሪ

የናሙና መስመሮቹን ከዐለቱ አቅጣጫ ጋር በቀጥታ እንዲቋረጡ አድርገው ይዘርጉ። ለመጀመሪያ ዙር በመስመሮች መካከል 100 ሜትር፣ በናሙናዎች መካከል 25 ሜትር ይበቃል። ምልክት ከተገኘ በኋላ ወደ 50 በ10 ያጥብቡት። ከ30 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት፣ ከሥራሥር ቀጠናው በታች 1 ኪሎ ይውሰዱ፣ ከ0.18 ሚሊ ሜትር በታች የሆነውን ይላኩ። የሚጠየቁት ቤሪሊየም፣ ክሮሚየም፣ ኒኬል፣ ሊቲየም፣ ሩቢዲየም፣ ሲዚየም፣ ኒዮቢየም፣ ታንታለም ናቸው፤ በጀት ከፈቀደ ቦሮንና ፍሎሪን ይጨምሩ።

አሁን ብዙ ገንዘብ የሚባክንበት ቦታ ላይ ደርሰናል። ቤሪል አሲድን በደንብ ይቋቋማል፤ ክሮማይትም እንዲሁ። ላቦራቶሪው ናሙናውን በአራት አሲድ ብቻ ካሟሟ ቤሪሉ ሳይሟሟ ይቀርና ቤሪሊየሙ ከእውነተኛው መጠን በታች ሆኖ ይመጣል። ስለዚህ በሶዲየም ፐርኦክሳይድ ቀልጦ እንዲሠራ በጽሑፍ ይጠይቁ። የማቅለጫው ጉዳት ሶዲየም መጨመሩ ነው፤ ሶዲየም ለማንበብ ከፈለጉ (ጥቁር ሼል ላይ የግድ ያስፈልጋል) ከዚያው ናሙና ሌላ ክፍል በአሲድ ይሠራ።

በእጅ የሚያዝ የኤክስ ሬይ መለኪያ ይዞ ሜዳ የሚወጣ ሰው ደግሞ መሣሪያው ቤሪሊየምን፣ ሊቲየምንና ቦሮንን ጨርሶ እንደማያይ ይወቅ። ክሮሚየምን፣ ኒኬልን፣ ፖታሲየምንና ሩቢዲየምን ግን በደቂቃ ያነባል፤ ቦይ ውስጥ የሚጠቅመውም ለዚህ ነው። በፔግማታይት ፌልድስፓር ወይም ነጭ ሚካ ላይ ፖታሲየሙን ለሩቢዲየሙ ያካፍሉ። ውጤቱ ወደ አንድ አቅጣጫ እያነሰ ከሄደ ፔግማታይቶቹ ወደዚያ እየበለጸጉ ነው።

ቤሪሊየምን በቀጥታ የሚያነብ መሣሪያም አለ። በውስጡ ያለው አንቲሞኒ-124 የሚያወጣው ጋማ ጨረር (1.69 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት) ከቤሪሊየም ኒውክሊየስ ኒውትሮን ያስወጣል፤ መሣሪያው ያንን ይቆጥራል። ለዚህ ቢያንስ 1.67 ስለሚያስፈልግ ጨረሩ ገና በጭንቅ ያልፋል፣ ለቤሪሊየም የተመረጠውም ለዚህ ነው። የጨረር ምንጩ በየ60 ቀኑ ግማሽ ስለሚሆን በየጊዜው መለኪያውን ማስተካከል ያስፈልጋል፤ የጨረር ፈቃድ የሌለው ሰውም ሊይዘው አይገባም። ነጭ ቤሪልንና ኤመራልድን ግን አይለይም።

5. ቦዩን ቆፍሮ ማንበብ

ቦዩ መጋጠሚያውን ቀጥ ብሎ ይቁረጥ፤ አብሮት እንዳይሄድ። ወርዱ 1 ሜትር ይሁን፣ ጤነኛ ዐለት እስኪነካ ይውረድ። ጥልቀቱ 1.2 ሜትር ካለፈ ግድግዳው ይደገፍ ወይም በደረጃ ይቆረጥ፤ ታልክና ሚካ ሲርሱ እንደ ሳሙና ይንሸራተታሉ፣ ግድግዳው ሳያስጠነቅቅ ይወርዳል። አንድ ነገር ደግሞ አይዘንጋ፦ በሰርፐንቲናይት ውስጥ ክሪሶታይል፣ በአረንጓዴው ጠርዝ ላይም ጭረት የሆነ ትሬሞላይት ሊኖር ይችላል፤ ሁለቱም አስቤስቶስ ናቸው። እንደ ጥጥ የሚፈታ ጭረት ካዩ ሥራውን በውኃ እያረጠቡ፣ በትክክለኛ የአቧራ ጭንብል ይሥሩ። ቤሪልና ኳርትዝ ሲፈጩም እንደዚሁ፤ የቤሪሊየምና የሲሊካ አቧራ ሳንባን ይጎዳል።

ግድግዳውን በውኃ አጥበው ከፔግማታይቱ ወደ ውጭ ያንብቡ።

መጀመሪያ ነጭ ፔግማታይት አለ፤ ኳርትዝ፣ ፌልድስፓር፣ ነጭ ሚካ። ወደ ጠርዙ ሲጠጉ ኳርትዙ እያነሰ ይሄድና እንደ ስኳር የሚፈረፈር ነጭ የፕላጂዮክሌዝ (የፌልድስፓር ዓይነት) ዐለት ብቻ ይቀራል። ይህ ፔግማታይቱ ሲሊካውን ለጎረቤቱ አስረክቦ የቀረበት ክፍል ነው፤ ካዩት ልውውጡ ጠንካራ ነበር ማለት ነው። ቀጥሎ ጥቁር ቡናማው የፍሎጎፓይት ቀጠና ይመጣል፤ ከ10 ሴንቲ ሜትር እስከ ሁለት ሜትርና ከዚያም በላይ ይወፍራል። ከሱ ውጭ አረንጓዴ መርፌ የመሰሉ አክቲኖላይትና ትሬሞላይት፣ ከዚያ ክሎራይትና ታልክ፣ በመጨረሻም ያልተነካው ሰርፐንቲናይት ወይም ታልክ ሺስት። በእውነተኛ ቦይ ውስጥ ይህ ሁሉ በተርታ ተሟልቶ አይገኝም፤ አንዱ ይጎድላል፣ ሌላው ይደገማል።

ኤመራልዱ የሚበዛው በፍሎጎፓይቱ ውስጥና ፍሎጎፓይቱን በሚቆርጡ የኳርትዝና የቱርማሊን ሥሮች ጠርዝ ላይ ነው። ምክንያቱን ማወቅ ፍለጋውን ያቀላል። ከፔግማታይቱ የወጣው ፈሳሽ ቤሪሊየሙን በአብዛኛው ከፍሎሪን ጋር አጣምሮ ተሸክሞ ይመጣል። ማግኒዚየማዊው ዐለት ጋር ሲደርስ ፖታሲየሙ፣ አልሙኒየሙና ፍሎሪኑ ሚካ ለመሥራት ይወሰዳሉ። ፍሎሪኑን ያጣ ቤሪሊየም በፈሳሹ ውስጥ መቆየት አይችልም፣ ቤሪል ሆኖ ይወርዳል። በዚያው ቅጽበት የቀድሞው ዐለት ሲፈርስ ክሮሚየም እየለቀቀ ነው። ስለዚህ ፍሎጎፓይት አጃቢ ብቻ አይደለም፤ ቤሪሉን ያስጣለው እሱ ነው። ሚካ በሌለበት መጋጠሚያ ላይ ሁለቱ ዐለቶች ቢነካኩም ምንም አልተለዋወጡም።

ቦታ የሚመረጠውም በዚሁ ሐሳብ ነው። ፈሳሽ የሚጠራቀምበትን ይፈልጉ፦ ፔግማታይቱ የሚቀጥንበትንና የሚያልቅበትን ጫፍ፣ ሁለት ሥሮች የሚገናኙበትን፣ ሺስቱ የታጠፈበትን ጉልበት፣ ቀጥ ያለ ሥር የሺስቱን ንብርብር የሚቆርጥበትን። ቀጥ ብሎ ለመቶ ሜትር የሚሄድ ወፍራም ፔግማታይት ለዓይን ያምራል፤ ብዙ ጊዜ ግን ጠርዙ ደረቅ ነው። ጥቁር ቱርማሊን በፍሎጎፓይቱ ውስጥ መበርከቱ በካፉቡ ጥሩ ምልክት ነው፤ ፈሳሹ ቦሮን ይዞ እስከዚያ መድረሱን ያሳያል።

ሚካው አሳሳች ነው። በአካባቢው ጭንጫ ሁሉ ውስጥ ያለ ተራ ባዮታይት ሺስት ከፍሎጎፓይት ቀጠና ጋር ይመሳሰላል። ሁለት ፈተና ይበቃል። አንደኛው ዝንጣፊ ሚካ አንሥቶ በእጅ መለኪያው ክሮሚየምና ኒኬል ማንበብ ነው፤ ከሰርፐንቲናይት የተወለደ ሚካ በመቶዎች ወይም በሺዎች ፒፒኤም ክሮሚየም ይዞ ኒኬሉም አብሮ ይነሣል፣ ተራው ባዮታይት ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። ሁለተኛው መዋቅሩን ማየት ነው፦ የልውውጡ ሚካ ከፔግማታይቱ ሲርቁ ደቃቅ እየሆነ ይሄዳል፤ ጠርዙ ላይ ያለው ግን እንደ ጥፍር ሰፋ ሰፋ ያለ፣ አቅጣጫው የተዘበራረቀ ነው።

ላይኛው አፈር ውስጥ ሚካው ጨርሶ ተለውጦ ሊሆን ይችላል። ፍሎጎፓይት ሲበሰብስ ውኃ እየጠጣ ቨርሚኩላይት ይሆናል፤ ወርቃማ ቡናማ፣ የላላ፣ በጣት ሲጫኑት የሚታጠፍና የማይመለስ። አንድ ቅንጣት በመርፌ ወግተው ላይተር ነበልባል ላይ ይያዙት። ቨርሚኩላይት ከሆነ በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ እንደ አኮርዲዮን እየተዘረጋ፣ እንደ ትል እየተጠማዘዘ ያብጣል። ያልበሰበሰው ፍሎጎፓይት ዝም ይላል። አረንጓዴ ባይታይም አፈር ላይ የሚያብጥ ሚካ መስመር ሠርቶ ካገኙ ከሥሩ መጋጠሚያ አለ፤ እዚያ ላይ ይቆፍሩ።

ክሪስታሉም ራሱ አቅጣጫ ይናገራል። በመጋጠሚያው ላይ የተኛ አንድ ቤሪል በፌልድስፓር በኩል ነጭ ወይም ፈዛዛ ሰማያዊ፣ በሚካው በኩል አረንጓዴ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ፈዛዛ ቤሪል ብቻ የሞላበትን ቦይ ወዲያው አይዝጉት፤ ክሮሚየሙ በሚካው ውስጥ ከፍ ወደሚልበት አቅጣጫ በመጋጠሚያው ላይ 20 ወይም 30 ሜትር ተጉዘው ሌላ ይክፈቱ። ቤሪል ጭራሽ ከሌለና ሚካው ወፍራም ከሆነ ግን የጎደለው ቤሪሊየም ነው፤ እዚያ ቦታ ላይ ቀለም አይጠበቅም።

6. ጥቁር ሼል ከሆነ

በኮሎምቢያ ምሥራቃዊ የተራራ ሰንሰለት ምዕራባዊ ጠርዝ ሙዞና ኮስኩዌዝ፣ በምሥራቃዊ ጠርዙ ቺቮርና ጋቻላ፣ ኤመራልዱ ያለው በጥንታዊ ክሬታሴየስ ዘመን በተሠራ ጥቁር ሼልና ከሱ ጋር በተያያዙ ዐለቶች ውስጥ ነው። የምሥራቆቹ 65 ሚሊዮን፣ የምዕራቦቹ ከ38 እስከ 32 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ናቸው። የጨው ንብርብር ያሟሟ፣ 300 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ የሞቀ ውኃ በስብራቶች በኩል ሼሉ ውስጥ ገባ፤ ቤሪሊየሙንም ክሮሚየሙንም ቫናዲየሙንም ከሼሉ ራሱ አወጣ። ውኃው የያዘው ሰልፌት ከሼሉ ካርቦን ጋር ሲገናኝ ወደ ሰልፋይድ ተለወጠ፣ ብረቱም ፓይራይት ሆኖ ተያዘ። ብረት ስለተወገደ ነው ቀለሙ ሰማያዊነት የማይጫነው።

እዚህ የሚፈለገው የነጣ ሼል ነው። ጥቁሩ ዐለት አመድማ ሲሆን፣ አልባይት (ሶዲየማዊ ፌልድስፓር) ሲበዛበት፣ በካልሳይት፣ በዶሎማይትና በፓይራይት ሥሮች ሲከፋፈልና ሲሰባበር ቦታው ደርሷል። ፓሪሳይት የተባለው ቡናማ ማዕድን ከታየ ከዚያ ቀጠና ፈቀቅ አይበሉ።

ኬሚስትሪው ግን የመጀመሪያውን ዓይነት ለለመደ ሰው ተገልብጧል። ውኃው ያጠበው ሼል ሶዲየሙ ከፍ፣ ሊቲየሙ፣ ፖታሲየሙ፣ ቤሪሊየሙና ሞሊብዲነሙ ዝቅ ይላል። ከፍተኛ ቤሪሊየም የሚፈልግ ሰው ያልታጠበውን ጤናማ ሼል መርጦ ዋናውን ቀጠና አልፎት ይሄዳል። ሶዲየምን ለፖታሲየም አካፍለው ካርታ ያውጡ፣ ቁጥሩ የሚዘልበትን ይቆፍሩ።

7. የተገኘውን መፈተሽ

ቤሪል ስድስት ጎን ያለው ዘንግ ነው፣ ጫፉ ብዙ ጊዜ ጠፍጣፋ ነው። ጥንካሬው ከ7.5 እስከ 8። ከሱ ጋር የሚምታቱትን አብዛኞቹን በዓይንና በቢላ መጣል ይቻላል። አፓታይትም ስድስት ጎን አለው፤ ጥንካሬው 5 ስለሆነ ቢላ ይጭረዋል። ፍሎራይት 4 ነው፣ በስምንት ገጽ ቅርጽ ይሰነጠቃል። አረንጓዴ ቱርማሊን ከጫፉ ሲያዩት ጎኖቹ ያበጡ ሦስት ማዕዘን ነው፣ በቁመቱም ጥልቅ ጭረት አለው። ክሮም ዳይኦፕሳይድ ጥንካሬው ከ5.5 እስከ 6.5 ነው። ጥሩ ክሪስታል ግን በጭረት አይፈተንም፤ ስብርባሪ ይጠቀሙ።

ጥግግት በትንሽ ሚዛን ይለካል። ቁራጩን በአየር ይመዝኑ፣ ከዚያ በቀጭን ክር አንጠልጥለው ውኃ ውስጥ ይመዝኑ። በአየር 4.36 ግራም፣ በውኃ 2.76 ቢሆን ልዩነቱ 1.60 ነው፤ 4.36 ለ1.60 ሲካፈል 2.725 ይመጣል፣ የቤሪል ክልል ውስጥ ነው (ከ2.67 እስከ 2.78)። ያው ክብደት ያለው ቱርማሊን ልዩነቱ 1.42 ገደማ ይሆን ነበር። ውኃው ላይ አንዲት ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ይጨምሩ፤ ስንጥቅ ውስጥ የተደበቀ የአየር አረፋ ቁጥሩን ያሳንሰዋል፣ የተጣበቀ ሚካ ደግሞ ያዛባዋል።

የብርሃን መስበሪያ መለኪያ ካለ ከ1.565 እስከ 1.60 ይጠብቁ። ከሺስት የሚወጡት በማግኒዚየምና በብረት ምክንያት ወደ 1.58 እና 1.59 ይጠጋሉ፣ የኮሎምቢያዎቹ ዝቅ ይላሉ። የቼልሲ ማጣሪያን (ድንጋይ የሚታይበትን የቀለም መስታወት) ግን እንደ ዳኛ አይቁጠሩት። ክሮሚየም ያለው ድንጋይ በሱ ሲታይ ይቀላል ይባላል፤ ሆኖም ብረት የበዛበት የሺስት ኤመራልድ አረንጓዴ ሆኖ ሊቀር ይችላል፣ ሰው ሠራሹ ደግሞ ቀይ ሆኖ ሊያበራ ይችላል።

በ10 እጥፍ ማጉያ ውስጡን ይዩ። የሚካ ቅርፊትና የአክቲኖላይት መርፌ ከሺስት መምጣቱን ይናገራሉ። ጨዋማ ፈሳሽ፣ በውስጡ የጋዝ አረፋና አራት ማዕዘን የጨው ክሪስታል አንድ ጉድጓድ ውስጥ ካዩ የኮሎምቢያ ዓይነት ምልክት ነው፣ ምንም እንኳ ሌሎች ጥቂት ቦታዎችም ቢያሳዩት። ክብ ክብ አረፋና የተጠማዘዘ መስመር ብርጭቆ ነው። ሰው ያመጣው ክሪስታል ላይ ሚካው ሁሉ ጠፍጣፋ ተኝቶ፣ ወደ ውስጥ የገባ አንድም ከሌለ፣ አሴቶን በጥጥ ነክሮ ይጥረጉት። ሙጫ ከሆነ ይለሰልሳል፣ ሚካውም ይረግፋል።

8. የጅምላ ናሙና

ኤመራልድ የሚመጣው በኪስ በኪስ ነው። የቁፋሮ ማሽን ያወጣው ኮር (እንደ ዘንግ ተቆርጦ የወጣ ዐለት) መጋጠሚያው የት እንዳለ፣ ምን ያህል እንደሚወፍርና ወዴት እንደሚያዘነብል ይነግራል፤ ምን ያህል ኤመራልድ እንዳለ ግን አይነግርም። አንድ ኮር አረንጓዴ መምታቱም መሳቱም ዕድል ነው። ኮር ላይ የሚመዘገበው የፍሎጎፓይቱ ውፍረትና በውስጡ ያለው ክሮሚየም ነው። መጠን የሚታወቀው መጋጠሚያውን በርዝመቱ ከፍቶ፣ ቢያንስ ጥቂት መቶ ቶን የልውውጥ ዐለት አውጥቶ በማጠብ ነው።

ላይኛውን ባዶ ዐለት በፈንጂ ማንሣት ይቻላል፤ ጉድጓዶቹ ከመጋጠሚያው ቢያንስ 2 ሜትር ርቀው ይቁሙ። ከዚያ በኋላ ያለው የመዶሻ፣ የመሮና የሽብልቅ ሥራ ነው። መሮውን በሚካው ንብርብር አቅጣጫ ያስገቡ፣ ክሪስታሉን ከነጓዙ በትልቁ ያውጡት። በፈንጂ የተናጠ ኤመራልድ ሲወጣ ደህና ይመስልና ሲታጠብ ይበታተናል፤ አዳዲሶቹ ስንጥቆች ንጹሕና የሚያብረቀርቁ ናቸው፣ የጥንቶቹ ግን በሚካ ወይም በብረት ዝገት የቆሸሹ። ከማጠቢያው በሚወጣው ውስጥ አዲሱ ስብራት ከበዛ ጥፋቱ የድንጋዩ ሳይሆን የአወጣጡ ነው፣ ቀዳዳዎቹን ያርቁ።

ለእያንዳንዱ 5 ሜትር መጋጠሚያ የተለየ ቁጥር ይስጡ፣ ዐለቱም ሳይቀላቀል ይታጠብ። የሚመዘገቡት አራት ክብደቶች ናቸው፦ የታጠበው ዐለት በቶን፣ የወጣው ቤሪል በሙሉ፣ ከዚያ ውስጥ አረንጓዴው፣ ከአረንጓዴው ውስጥ ሊቆረጥ የሚችለው። አምስት ካራት አንድ ግራም ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ተቀራርበው አራተኛው ባዶ ከሆነ ችግሩ ስንጥቅ ነው፤ ሁለተኛው ትልቅ ሆኖ ሦስተኛው ትንሽ ከሆነ ክሮሚየም ጎድሏል። ሁለቱን በአንድ ድምር ካስገቧቸው የትኛው ወገን መተው እንዳለበት አይታወቅም።

ክሪስታሎቹን በንጹሕ ውኃና በለስላሳ ብሩሽ ብቻ ይጠቡ። የድምፅ ሞገድ ማጠቢያ ስንጥቁን ይከፍታል፤ ከሼል የወጣውን ካልሳይት ለማስለቀቅ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውስጥ መዝፈቅም ስንጥቁን የያዘውን ካልሳይት አብሮ ይበላና ድንጋዩ እጅ ላይ ይከፈላል። ጥላ ውስጥ ያድርቁ። ከዚያ እያንዳንዱን በወረቀት ጠቅልለው የመጋጠሚያውን ቁጥር፣ ከፔግማታይቱ ጠርዝ ያለውን ርቀት በሴንቲ ሜትርና የተቀመጠበትን ዐለት በእርሳስ ይጻፉበት፤ ቀለም በውኃ ይጠፋል።